ጠዋት ብርድ፣ ቀን ፀሐይ፦ በአዲስ አበባ አየር ደራርቦ ስለመልበስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጠዋት ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ብርድ፤ ስድስት ሰዓት ላይ ኮት የሚያስወልቅ ፀሐይ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከየት መጣ የማይባል ዝናብ። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ግን ሁልጊዜም አንዱ ኮቱን ተሸክሞ ሲያልበው፣ ሌላው በቲሸርት ወጥቶ ማታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ሲንቀጠቀጥ እናያለን። ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁንን እዚህ ሰብስበናል።

አየሩ በአንድ ቀን ውስጥ እንዲህ የሚለዋወጠው ለምንድን ነው?

ዋናው ነገር ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ቀን ፀሐይዋ ብዙ የሚከለክላት ሳይኖር ትወርዳለች፤ መሬቱም ቶሎ ይሞቃል። ማታ ሰማዩ ጥርት ካለ ደግሞ መሬቱ ቀን የያዘውን ሙቀት ወደ ላይ ይለቀዋል። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ሙቀቱን ይዞ የሚያቆየው ነገር የለም።

ብዙ ሰው ብርዱ የሚጠናው እኩለ ሌሊት ላይ ይመስለዋል። አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀዘቅዝ አድሮ ዝቅ የሚለው ፀሐይ ልትወጣ ስትል፣ ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ሙቀቱ ከፍ የሚለው ከቀኑ 8 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እንግዲህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት የሚወጣ ሠራተኛና አራት ሰዓት ላይ ተነሥቶ ቡና ሊጠጣ የሚወጣ ሰው እኩል ሊለብሱ አይችሉም።

በጣም የሚበርደው መቼ ነው? ክረምት አይደለም እንዴ?

ቀኑን ካያችሁ አዎ፣ ክረምት ነው። ሌሊቱንና ጠዋቱን ካያችሁ ግን ኅዳርና ታኅሣሥ ይብሳሉ።

በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ደመና ነው። ደመናው ቀን ፀሐይን ይከለክላል፤ ማታ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ከተማውን ሸፍኖ ያድራል። ስለዚህ ቀኑ ከ20 እና 21 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱም 10 እና 11 አካባቢ ይቆያል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ባዶ ነው። ቀን 22 እና 23 ዲግሪ ይደርሳል። ሌሊት ወደ 7 እና 8 ይወርዳል፤ አንዳንድ ሌሊት ከዚያም ያንሳል። ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ የሚታይባቸው የከተማዋ ዳርቻዎችም አሉ።

ይህ ለአለባበስ ትልቅ ልዩነት አለው። ክረምት ላይ የለበሳችሁትን ቀኑን ሙሉ ለብሳችሁ መዋል ትችላላችሁ፤ ጠላታችሁ ውኃው ነው። ኅዳር ላይ ግን ጠዋት የለበሳችሁትን ቀን የግድ ታወልቃላችሁ፤ ማታ መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። ደራርቦ መልበስ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው በበጋ ነው። ከየካቲት እስከ ግንቦት ሞቅ ይላል፤ ያኔ አንድ ስስ ሹራብ ቦርሳ ውስጥ ካለ ይበቃል።

ደራርቦ መልበስ ማለት ብዙ ልብስ መልበስ ነው?

በፍጹም። እንዲያውም ስሕተቱ እዚህ ላይ ይጀምራል። ሰው ብርድ ሲፈራ ወፍራም ነገር ይፈልጋል። ወፍራሙ ካፖርት ጠዋት ደግ ነው፤ አምስት ሰዓት ላይ ግን ሸክም ይሆናል። ብታወልቁት ከሥሩ ሸሚዝ ብቻ ነው፤ ባታወልቁት ትቀቀላላችሁ። መሃል የለውም።

የሚያሞቀን ጨርቁ ብቻ አይደለም። በልብስና በልብስ መካከል የሚቀመጠው አየር ነው። ስለዚህ ሁለት ስስ ሹራብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወፍራም ሹራብ የተሻለ ያሞቃል። ደግሞም አንዱን አውልቃችሁ ሌላውን ማስቀረት ትችላላችሁ።

እኛ አንድ ልብስ ለዚህ ከተማ ይሆናል አይሆንም ስንል ሦስት ነገር እናያለን፦ በቀላሉ ይወልቃል ወይ? ይታጠፋል ወይ? ለመያዝ ይመቻል ወይ? ውፍረቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ይወልቃል ወይ የሚለው ቀልድ አይደለም። ባለ ዝግ አንገት ሹራብ አስቡ። ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሰው ተጣቧል። መሃል ላይ ያለው ሰው ሞቀው። ሹራቡን በራሱ በኩል ሊያወልቅ ይታገላል፤ ክርኑ የጎረቤቱ አገጭ ሥር ገባ፤ ሸሚዙ አብሮ ተሳበና ሆዱ ታየ፤ መነጽሩ ሹራቡ ውስጥ ቀረ። ያው ሰው ባለ ቁልፍ ወይም ባለ ዚፕ ሹራብ ለብሶ ቢሆን ኖሮ ማውለቅ እንኳ አያስፈልገውም ነበር። ከፊት ከፈት ያደርገዋል፣ ይገላገላል።

ከውስጥ፣ ከመሃልና ከላይ ምን ይሁን?

ከውስጥ ከሰውነት ጋር የሚገናኘው ስስና ላብ የማይዝ ቢሆን ጥሩ ነው። የጥጥ ከነቴራ ለስላሳ ነው፤ ለተቀማጭ ሰው ምንም አይወጣለትም። ችግሩ ላብ ይጠጣል፤ ቶሎም አይደርቅም። ከሽሮ ሜዳ ወይም ከጉለሌ ዳገት በእግሩ የሚወጣ ሰው ጀርባው ላይ የረጠበ ጥጥ ይዞ ይቀራል። ከዚያ ቆም ሲል ብርዱ ያገኘዋል። ብዙ የሚራመድ ሰው ስፖርት የሚሠራበትን ዓይነት ቶሎ የሚደርቅ ቲሸርት ከሸሚዙ ሥር ቢያደርግ ይሻለዋል።

መሃሉ የሙቀት ቦታ ነው። ባለ ቁልፍ ሹራብ፣ ሰደርያ፣ ባለ ዚፕ ስስ ሹራብ። ስለ ሰደርያ አንድ ነገር እንበል። የሽማግሌ ልብስ ነው ተብሎ ተረሳ እንጂ ለአዲስ አበባ የተሠራ ነው የሚመስለው። ደረትና ጀርባን ያሞቃል፤ ክንድን ነጻ ይተዋል፤ ከኮት ሥር አያጨናንቅም፤ ሲወልቅ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይወስድም። በእጅ የተሠራ የሱፍ ሰደርያ ያላችሁ ከሣጥን አውጡት።

ከላይ የሚደረገው ነፋስና ካፊያ የሚከላከል ስስ ጃኬት ነው። ይህኛው ማሞቅ አይጠበቅበትም። ነፋሱ ገብቶ በሹራቡ ቀዳዳ ያጠራቀማችሁትን ሙቅ አየር እንዳያስወጣው መከልከል ብቻ ነው ሥራው። ሰፋ ያለ ይሁን። ጠባብ ጃኬት ሹራቡን ጨፍልቆ አየር ያሳጣዋል፤ ያኔ ሁለቱም አያሞቁም።

ጋቢና ነጠላስ?

ይህን የሚጠይቁን ብዙውን ጊዜ ወጣቶች ናቸው፤ ትንሽ እያፈሩም ነው የሚጠይቁት። ለምን እንደሚያፍሩ አይገባንም።

ጋቢ ራሱ ደራርቦ መልበስ ነው። አራት እጥፍ ጨርቅ ነው፤ በእያንዳንዱ እጥፍ መካከል አየር አለ። ማጉ የእጅ ፈትል የሆነ ጋቢ ደግሞ ክሩ ልል ስለሆነ የበለጠ አየር ይይዛል፤ ከሙሉ የፋብሪካ ክር ጋቢ የበለጠ የሚያሞቀውም ለዚህ ነው። ሽሮ ሜዳ ስትገዙ ጨርቁን በእጃችሁ ጨብጡት። የእጅ ፈትሉ ሙሉ ሙሉ ይላል፤ መልሶም ይነፋል።

ጋቢ ቦታ አለው። ማታ ቤት ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን። የከተራ ዕለት ጃን ሜዳ ያደረ ሰው የጋቢን ዋጋ ያውቃል። ጥር 10 ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ሜዳው ደግሞ ገላጣ። በጃኬት የመጡ ወጣቶች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ የማያውቋቸው እናቶች ጋቢ ሥር ተሸጉጠው ይገኛሉ። ለታክሲ ግን ጋቢ አይሆንም። ክረምት ላይ ከረጠበ ደግሞ ይከብዳል፤ ለመድረቅ ቀናት ይፈልጋል።

ነጠላ ሌላ ነው። ሁለት እጥፍ ስስ ጨርቅ፣ ታጥፎ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ። ጠዋት አንገት ላይ ይጠመጠማል። ቀን ራስ ላይ ሆኖ ፀሐይ ይከላከላል። ማታ ትከሻ ላይ ይደረባል። ይወልቃል፣ ይታጠፋል፣ ይያዛል ካልን ከነጠላ የሚበልጥ የለም። የሀበሻ ቀሚስ የምትለብሱ ሴቶች ታኅሣሥ ላይ ከቀሚሱ ሥር ስስ ባለ ረጅም እጅጌ ከነቴራና ታይት ብታደርጉ ከላይ ነጠላው ብቻ ይበቃችኋል። የገና ሌሊት ቅዳሴ ላይ ግን ጋቢ ጨምሩ።

ቢሮ ውስጥ ከውጭ ይልቅ የሚበርደኝ ለምንድን ነው?

ትክክል ናችሁ፤ ቅዠት አይደለም። አብዛኛው የአዲስ አበባ ቤትና ቢሮ ማሞቂያ የለውም። ወፍራም የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ግድግዳ ሌሊት የያዘውን ብርድ እስከ ቀትር ይዞ ይቆያል። ውጭ ፀሐይዋ ስታነድ ውስጥ ያለው ሰው እጁን ብብቱ ሥር ይከታል። አዲሶቹ መስታወት በመስታወት የሆኑ ሕንፃዎች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ በፀሐይ በኩል ያለው ክፍል ከሰዓት በኋላ አያስቀምጥም።

አውሮፓ ወይም አሜሪካ የኖረ ሰው ቤት ሲገባ ኮቱን ያወልቃል። እዚህ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውጭ አውልቃችሁ ትቆዩና ስትገቡ ትለብሳላችሁ። ስለዚህ ቢሮ ወንበራችሁ ላይ ሁልጊዜ የሚቀር አንድ ሹራብ ወይም ሻርፕ አስቀምጡ። በየቀኑ ከማመላለስ ያድናል። ቅዳሜ ግን ወስዳችሁ እጠቡት፤ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ያመሰግናሉ።

ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት ብርድ ይመታኛል። ምን ልልበስ?

የአዲስ አበባ የጠዋት ክርክር! አንዷ ‹‹ኧረ መስኮቱን ዝጉት፣ ብርድ መታኝ›› ትላለች። ከኋላ ‹‹ተዪ እንጂ እህቴ፣ ታፈንን እኮ›› የሚል ይነሣል። ረዳቱ ለማንም ሳይወግን ‹‹ሒሳብ›› ይላል።

እኛ ለከፋቹ እንወግናለን። ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ነው። ቫይረሱ የሚተላለፈው ደግሞ ከሰው ወደ ሰው ነው፤ አሥራ ምናምን ሰው ተጠጋግቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ እየሳለ ሲሄድ ይመቸዋል። ይህ ማለት ግን ብርዱ አይሰማችሁም ማለት አይደለም። ነፋሱ የሚያገኘው አንገትና ደረትን ነው። ሻርፕ ወይም ነጠላ አንገት ላይ ጠምጥማችሁ፣ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጭ ዝጉ። መስኮቱ ሁለት ጣት ያህል ይከፈት። ሁለታችሁም ታተርፋላችሁ።

ላቤ ሳይደርቅ ልብስ ባወልቅ ያመኛል ይባላል። እውነት ነው?

ላብ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አልቧችሁ ነፋስ ላይ ብታወልቁ በቶሎ ይበርዳችኋል፤ ያ እውነት ነው። መፍትሔው ግን እያላባችሁ ለብሶ መቆየት አይደለም። ሳያልባችሁ በፊት ማውለቅ ነው። ሰው ሞቆት ሞቆት፣ ግንባሩ ከረጠበ በኋላ ነው ዚፕ የሚያስታውሰው።

በእግር የምትሄዱ ከሆነ ከቤት ስትወጡ ትንሽ ብርድ ብርድ ይበላችሁ። ከመንገዱ ጥቂት እንደሄዳችሁ ይስተካከላል። ገና በር ላይ ሳላችሁ ከሞቃችሁ በዝቷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆሙ ከሆነ ግን ይህ አይሠራም። ቆሞ መጠበቅና መራመድ ፍጹም የተለያዩ ናቸው፤ ሰልፍ ላይ ሙሉ ልበሱ፣ ታክሲ ውስጥ ክፈቱት።

ልጄን ለትምህርት ቤት ምን ላልብሰው?

እናትና አባት ልጅን የሚያለብሱት ራሳቸውን በበረዳቸው ልክ ነው። ልጁ ግን እረፍት ላይ ኳስ ሊያሳድድ ነው። ጠዋት አፍና አፍንጫው ብቻ እስኪታይ ተጠቅልሎ ይሄዳል፤ አራት ሰዓት ላይ ሹራቡ የግብ ምሰሶ ሆኗል፤ ማታ ያለ ሹራብ ይመጣል።

የዩኒፎርሙን ሹራብ በፊት የሚከፈት ከተፈቀደ እሱን ምረጡ። ትምህርት ቤቱ ዝግ አንገት ካለ ደግሞ ከሥሩ የሚደረገውን አቅልሉት። ሹራቡና ጃኬቱ ላይ ከውስጥ በኩል ስም ጻፉ፤ ሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ነው የሚለብሰው። አንድ ትርፍ ካልሲ በትንሽ ፌስታል ቦርሳው ውስጥ ይኑር፤ በተለይ ክረምት ሊወጣና መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት። ካልሲው የረጠበ ልጅ የቱንም ያህል ቢደርብ ይበርደዋል።

ለሕፃንስ?

እጁንና እግሩን ነክታችሁ አትፍረዱ። የሕፃን እጅ ብዙ ጊዜ ቀዝቀዝ ይላል። ደረቱን ወይም ማጅራቱን ንኩ። ሞቅ ያለና ደረቅ ከሆነ በቂ ነው፤ ካላበው በዝቶበታል። በአጠቃላይ እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ብቻ መጨመር ይበቃል። በአንቀልባ ካዘላችሁት ግን የእናንተ ጀርባ ራሱ አንድ ልብስ ነው። ይህን ረስተው ጋቢ፣ በላዩ ፎጣ፣ በላዩ ብርድ ልብስ የሚደርቡበት አሉ። ፊቱን በፍጹም አትሸፍኑት።

እናቴ ሁለት ሹራብ ለብሳም ይበርዳታል። ምን ላድርግ?

ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት እንደ ድሮው ሙቀት አያመነጭም። ሦስተኛ ሹራብ ከመጨመር በፊት እግሯን ተመልከቱ። የሱፍ ካልሲና ጀርባው የተዘጋ ነጠላ ጫማ ብዙ ይለውጣል፤ የቤታችን ወለል ቀዝቃዛ ነው። ከዚያ ራሷን በሻሽ። ሦስት ሰዓት ላይ ደጃፍ ወጥቶ ፀሐይ መሞቅም የድሮ ሰዎች ያወቁበት ነገር ነው። ብርዱ በድንገት የጀመራት ከሆነና ድካም ካለው ሐኪም ይያት፤ የልብስ ጉዳይ ላይሆን ይችላል።

ክረምት ላይ ዝናቡን እንዴት ልቻለው?

የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ጠዋት ፀሐይ ስላያችሁ ጃንጥላ አትተዉ። ወጨፎ ካለ ጃንጥላ ከወገብ በላይ ብቻ ነው የሚያድነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ፣ ውኃ የማያስገባ ስስ የዝናብ ልብስ ቢኖር ይሻላል። በረዶ ሲወርድ ደግሞ ከሁሉም በፊት መጠለያ።

ጂንስ ለክረምት አንመክርም። አንዴ ከረጠበ ቀኑን ሙሉ እግር ላይ ተጣብቆ ይውላል። ቶሎ የሚደርቅ ሱሪ ፈልጉ። ጫማ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ከሰፈር ሰፈር ልዩነት አለው?

አለው እንጂ። የእንጦጦ ጋራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አቃቂ በኩል ወደ 2,100 ሜትር ዝቅ ይላል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ አምስት ስድስት ዲግሪ ልዩነት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ቃሊቲ የሚኖርና እንጦጦ ሥር የሚሠራ ሰው ጠዋት በሩ ላይ ባየው አየር ከለበሰ ይሸወዳል። መድረሻችሁን አስባችሁ ልበሱ።

ከከተማ ወጥቼ በመኪና ስጓዝስ?

ያኔ ነው ደራርቦ መልበስ እውነተኛ ፈተናውን የሚያገኘው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውን መንገድ እንውሰድ። ንጋት ላይ እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ትገባላችሁ። ጭጋግ ነው፤ ሜዳው ላይ ያሉት እረኞች በጋቢ ተጠቅልለዋል። ፍቼ ድረስ ጃኬታችሁን አትነኩትም። ጎሃ ፅዮን ከደረሳችሁ በኋላ መንገዱ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ይጀምራል። ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። መጀመሪያ ጃኬቱ ይወልቃል፣ መሃል ላይ ሹራቡ፤ ድልድዩ ጋ ስትደርሱ በከነቴራ ናችሁ። ከዚያ ወደ ደጀን ስትወጡ ሁሉንም በተራው መልሳችሁ ትለብሳላችሁ። ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ በአንድ ጠዋት። ልብሱን የመኪናው ጣራ ላይ ካሰራችሁት ሻንጣ ውስጥ ያደረገ ሰው ያን ጊዜ ያዝናል። ጉልበት ላይ የሚያዝ ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

አዳማ የምትወርዱ ከሆነ ከተማዋ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ያለች ናት፤ ሹራቡን ለመመለሻ ብቻ ያዙ። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለእሷ ጓንት ብትይዙ ማንም አይስቅባችሁም። ስሜን ተራሮች ላይ በድንኳን የምታድሩ ከሆነ ሰንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነውና ሌሊቱ ሌላ ዓለም ነው። ቀን የለበሳችሁትን ለብሳችሁ አትተኙ፤ ላብ ይዟል። ደረቅ የመኝታ ልብስ ለብቻ ይኑራችሁ።

ከውጭ አገር ለእረፍት እየመጣሁ ነው። ምን ልያዝ?

‹‹የ13 ወር ፀጋ›› የሚለውን መፈክር አምነው በሐምሌ በቁምጣ የሚመጡ ዘመዶች አሉን። ሐምሌ እዚያ በጋ ነው፤ እዚህ ክረምት። ከዋሽንግተን ወበቅ ወጥታችሁ ቦሌ ስትደርሱ ሹራብ ትፈልጋላችሁ። ዴንቨር የምትኖሩ ይህን አየር በቀላሉ ትለምዱታላችሁ፤ እዚያም ከፍታ ነው፤ ቀንና ሌሊቱ ይራራቃል። ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቤሩት የምትመጡ ደግሞ ጃኬት ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ። በእጃችሁ ያዙ። አውሮፕላኑ ብዙ ጊዜ ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ነው የሚያርፈው።

ለገናና ለጥምቀት የምትመጡ ለቀን ስስ ልብስ፣ ለማታ ሹራብና ጃኬት። የበረዶ አገር ካፖርታችሁን ተዉት፤ ሻንጣችሁን ለሌላ ነገር ትፈልጉታላችሁ። ቤተሰብ ቤት ማሞቂያ እንደማይኖር አስቡና ወፍራም ፒጃማ ያዙ። ጋቢውን እዚህ ይሰጧችኋል።

ቀዝቀዝ ባለ ቀን ፀሐይ ታቃጥላለች?

ታቃጥላለች፤ ሰው የሚታለለውም በዚህ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይዋ የማትጎዳ ይመስላል። ነገር ግን ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሹራቡን ስታወልቁ ክንዳችሁ ጨርሶ ባዶ እንዳይቀር ከሥሩ ስስ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ይሁን። ክንፍ ያለው ባርኔጣ ከኬፕ ይሻላል፤ ኬፕ ጆሮና ማጅራት ይረሳል።

ጠዋት እሮጣለሁ። እኔስ?

አትሌቶቹን ተመልከቱ። ንጋት ላይ እንጦጦ ወይም ሱሉልታ ሙሉ ቱታ፣ ኮፍያና አንዳንዴም ጓንት አድርገው ነው የሚጀምሩት። ሲሞቃቸው ያወልቃሉ። ልምምዱ ሲያልቅ ደግሞ ቆመው አያወሩም፤ መጀመሪያ ደረቅ ቲሸርት ይቀይራሉ። ከዚህ ሁሉ አንድ ብቻ የምትወስዱ ከሆነ የመጨረሻውን ውሰዱ። ኅዳር ላይ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ የምትሳተፉም ከመነሻው በፊት ብዙ ትቆማላችሁና፣ ከቲሸርቱ በላይ በኋላ ወገብ ላይ የሚታሰር ስስ ነገር ያዙ።

ሳልቫጅ ስገዛ ምን ልይ?

እውነቱን ለመናገር ለዚህ አየር የሚሆን ጥሩ ልብስ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሳልቫጅ ውስጥ ነው። ለብርድ አገር የተሠራ ስለሆነ ስፌቱ ጠንካራ ነው። ጃኬት ስታነሡ ከፊቱ ይልቅ ዚፑን ተመልከቱ፤ ሁለት ሦስቴ ከላይ እስከ ታች ሳቡት። ዚፕ ማስቀየር ጣጣ ነው። ከዚያ ገበሩን ገልብጡና ብብቱ ላይ የተቀደደ እንዳለ እዩ። ነፋስ ይከላከላል አይከላከልም የሚለውን ለማወቅ ጨርቁን አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ እፍ በሉ። ትንፋሹ በወዲያ በኩል እጃችሁ ላይ ከተሰማችሁ ነፋስም ያሳልፋል። ነጋዴው ይስቃል፤ ይሳቅ።

ሹራብ ላይ ስትለኩ ከምትደርቡት ልብስ ጋር ለኩ። ቤት ስትደርሱ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ የሚችለው በካውያ ተተኩሶ ይለበስ። የሱፍ ሹራብ ግን ሙቅ ውኃ አያሳዩት፤ ለልጃችሁ የሚሆን ሆኖ ይወጣል።

ያወለቅኩትን የት ላድርገው?

ቦርሳ ውስጥ። ቦርሳ የማትይዙ ወንዶች ይህን ምዕራፍ ደግማችሁ አንብቡ። ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ሹራብ ታክሲ ውስጥ ይረሳል።

የአየር ትንበያ ማየት ይበቃል?

ስልካችሁ ላይ የሚታየውን የፀሐይ ወይም የደመና ሥዕል አትመኑ። ሁለቱን ቁጥሮች እዩ፤ የቀኑን ከፍተኛና የሌሊቱን ዝቅተኛ። ልዩነታቸው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ አንድ ተደራቢ ይበቃል። 15 ከደረሰ ሁለት ያዙ። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ የምትመለሱ ከሆነ ደግሞ ቀን የተሰማችሁን ሙቀት እርሱት፤ ፀሐይ እንደገባች አየሩ ወዲያው ይወርዳል።